ተኝቶ መቆየት ሰውነትን ምን ያደርገዋል? ከጠፈርተኞችና ከአልጋ ጥናቶች የተማርነው

(ቅዳሜ ከሰዓት ለአስታማሚ ቤተሰቦች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች በጽሑፍ ስለፈለጉት እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ለጎረቤት አደራ ብላችሁ የመጣችሁ፣ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ጊዜያችሁን ሳላባክን በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

በ1966 አሜሪካ ዳላስ ውስጥ አምስት ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ተኙ። ሁሉም 20 ዓመት አካባቢ ናቸው፣ ጤነኛ ናቸው፣ የተኙት ለጥናት ነው። ሁለቱ ስፖርት የሚሠሩ ሦስቱ ደግሞ የማይሠሩ ነበሩ። ከመተኛታቸው በፊት ባለ በሌለ ኃይላቸው እንዲሮጡ ተደርጎ ሰውነታቸው በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ተለካ። ይሄ ልኬት የልብን፣ የሳንባን፣ የደምንና የጡንቻን አቅም ባንዴ የሚያሳይ ስለሆነ በሙያው ትልቅ ቦታ አለው። ሦስት ሳምንቱ አልቆ ሲነሱ እንደገና ተለኩ። በአማካይ ወደ 27 በመቶ ወርዷል። በሽታ የለም፣ ቀዶ ጥገና የለም፣ ትኩሳት የለም፣ መተኛት ብቻ ነው ይሄን ያደረገው።

ከዛ ለሁለት ወር ያህል ጠንከር ያለ ስፖርት አሠሯቸው፣ ተመለሱ፣ እንደውም ሦስቱ ስፖርት የማይሠሩት ልጆች ከመጀመሪያው አቅማቸው በላይ ሄዱ። ታሪኩ እዚህ ጋ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ጥሩ ጥናት ነበር እንላለን። ግን ከ30 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ እነዛኑ አምስት ሰዎች ፈልገው አገኟቸው። አሁን 50 ዓመት የሞላቸው አባቶች ሆነዋል፣ ክብደት ጨምረዋል፣ ሰውነታቸው ላይ ያለው ስብ በእጥፍ አድጓል። ተለኩ። እና የወጣው ውጤት እኔን ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ሳነበው እንዴት እንዳስደነገጠኝ አሁንም ትዝ ይለኛል፣ ሠላሳ ዓመት እርጅና ከቀነሰባቸው አቅም ይልቅ በ20 ዓመታቸው ሦስት ሳምንት መተኛት የቀነሰባቸው ይበልጥ ነበር። ደግማችሁ አስቡት፣ ሦስት ሳምንት አልጋ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ የበለጠ ጎዳ። ጥሩው ነገር ደግሞ ስድስት ወር ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ ርምጃ፣ ሶምሶማና ቢስክሌት ካሠሯቸው በኋላ ዕድሜ የወሰደባቸውን አቅም መልሰው አገኙት።

ዛሬ ይሄን የማወራችሁ ምክንያት እኛ አገር ሰው ሲታመም የምንለው የመጀመሪያ ነገር "ተኛ፣ እረፍ፣ እንዳትነሳ" ስለሆነ ነው። ከፍቅር ነው የምንለው፣ እኔም ቤት ይባላል። ጠያቂ ሲመጣ አባት ሊነሱ ሲሞክሩ አሥር ሰው "ኧረ አይነሱ፣ በሞቴ!" ብሎ ወደ ትራስ ይመልሳቸዋል። ውሃ እናቀርባለን፣ ጫማ እናወልቃለን፣ እንደግፋለን፣ እናጎርሳለን። ሰውየው ሊያደርገው የሚችለውን ሁሉ እኛ እናደርግለታለን። እና ሕመሙ የወሰደበት ሳይበቃ አልጋው ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ይሄ ሁለተኛው ጉዳት ግን አብዛኛው ልንከላከለው የምንችለው ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይሄንኑ ነው።

እሺ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?

ስንቆም የመሬት ስበት ደማችንን ወደ እግር ይጎትተዋል። ልብና የደም ሥሮች ቀኑን ሙሉ ይሄን ሲታገሉ ነው የሚውሉት። ስንተኛ እግር ላይ የነበረው ደም ወደ ደረት ይመጣል፣ ሰውነት "ፈሳሽ በዛብኝ" ብሎ ያስብና ኩላሊት ትርፍ የመሰለውን በሽንት ያስወጣል። በጥቂት ቀን ውስጥ የደም ፈሳሹ ክፍል ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። የሚመጣላት ደም ሲያንስ ልብም በየምቱ የምትረጨው ያንሳል፣ ሳምንታት ሲቆጠሩ ደግሞ ራሷ የልብ ጡንቻ ትቀንሳለች፣ ትሳሳለች። ለዛ ነው ብዙ ቀን የተኛ ሰው ድንገት ሲቆም ዓይኑ የሚጨልመው፣ "ደከመኝ" የሚለው ደሙ ጭንቅላቱ ጋ ለመድረስ ስላቃተው ነው።

ጡንቻ ደግሞ ሰውነት በዋዛ የሚያኖረው ነገር አይደለም፣ ብዙ ምግብ ይበላል። ሰውነት የማያርስ በሬ አይቀልብም። በተለይ ሲቆሙ የሚሠሩት ጡንቻዎች፣ ባት፣ የታፋ የፊት ጡንቻ፣ መቀመጫ፣ የጀርባ ጡንቻ፣ እነዚህ ቀድመው ይከሳሉ። ክንድ ብዙም አይጎዳም ምክንያቱም ተኝተንም እጃችንን እንጠቀማለን፣ ስልክ እናነሳለን፣ ብርድ ልብስ እንስባለን። እግር ግን ሥራ ፈታ። አጥንትም እንደዛው ነው፣ አጥንት ድንጋይ አይደለም፣ በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሸክም ሲቀርበት የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል፣ ካልሲየሙ በደም ዞሮ በሽንት ይወጣል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ የኩላሊት ጠጠር የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጠፈር እንሂድ። ለምን ጠፈር ትሉ ይሆናል፣ የኛ በሽተኛ ቤት ነው ያለው። ምክንያቱም ጠፈርተኛ ማለት ጤነኛ ሆኖ ከአልጋ የማይነሳ ሰው ማለት ነው፣ ሰውነቱ ክብደት አይሸከምም። እና እነዚህን ሰዎች በእግራቸው ለመመለስ አገሮች 50 ዓመት በላይ ገንዘብና ዕውቀት ስላፈሰሱበት ስለ መተኛት የምናውቀው ብዙው ነገር ከዛ ነው የመጣው።

በሰኔ 1970 ሁለት የሶቪየት ጠፈርተኞች፣ አንድሪያን ኒኮላዬቭና ቪታሊ ሴቫስቲያኖቭ፣ ሶዩዝ 9 በምትባል ጠባብ መንኮራኩር 18 ቀን ያህል ቆይተው መጡ። ሲያርፉ ያለ ሰው ድጋፍ መቆም አልቻሉም። ልባቸው ይመታል፣ እግራቸው አይታዘዝም፣ ለማገገም ቀናት ፈጀባቸው። ያኔ የሶቪየት ሐኪሞች በጣም ተጨነቁ፣ አሥራ ስምንት ቀን ይሄን ካደረገ ወራት የሚቆይ ሰው ምን ሊሆን ነው? በሚቀጥለው ዓመት በተላከችው የመጀመሪያዋ የጠፈር ጣቢያ በሳልዩት 1 ላይ ትሬድሚል፣ ማለትም ባሉበት የሚሮጡበት ማሽን፣ ተገጠመ፣ ሰውነትን ቀኑን ሙሉ በላስቲክ የሚጨምቅና የሚስብ፣ ጡንቻ እንዳይተኛ የሚያደርግ ልብስም ሠሩ።

አሜሪካኖቹ ስካይላብ የምትባል ጣቢያቸው ላይ በ1973 እና 74 ሦስት ቡድን ልከው ነበር፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ትምህርት ነው ልብ በሉ። የመጀመሪያው ቡድን 28 ቀን ቆየ፣ የነበራቸው የቆመ ቢስክሌት ነው። ሁለተኛው 59 ቀን፣ ቢስክሌቱ ላይ ገመድ የሚሳብበት መሣሪያ ተጨመረ፣ የሚሠሩበት ሰዓትም ረዘመ። ሦስተኛው 84 ቀን፣ ለነሱ ደግሞ ዊልያም ቶርንተን የሚባል ሐኪምና ጠፈርተኛ ቀላል ነገር ፈጠረላቸው፣ የሚያንሸራትት ቴፍሎን የተቀባ ሳህን የጣቢያው ወለል ላይ ይታሰራል፣ ሰውየው ትከሻና ወገቡ ላይ በጠንካራ ላስቲክ ወደ ታች ይጎተታል፣ ከዛ ባለበት እየተንሸራተተ ይራመዳል፣ ባቱ እስኪቃጠል ድረስ። ሲመለሱ ከሁሉም በላይ የቆየው ሦስተኛው ቡድን እግሩ ከሁሉም ያነሰ ነው የተጎዳው። ቢስክሌቱ ልብንና ሳንባን ጠበቀ፣ የእግርን ጉልበት ግን ብቻውን አልጠበቀም። እግር የሚፈልገው ከራሱ ክብደት ጋር የሚስተካከል ሸክም ነው። በኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የጠፈር ታሪክ አስታማሚ ሊይዘው የሚገባው አንድ ነገር ይሄ ነው፣ ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ሰዓት ማድረግና ከባድ ግፊት ትንሽ ጊዜ ማድረግ እኩል አይደሉም።

ቫለሪ ፖልያኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ነበር፣ ራሱ ሐኪም የሆነ። ከጥር 1994 እስከ መጋቢት 1995 ሚር በምትባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ላይ 437 ቀን ኖረ፣ በአንድ ጉዞ የሱን ያህል የቆየ እስካሁን የለም። በየቀኑ ስፖርት ይሠራ ነበር። ሲያርፍ ከመንኮራኩሯ ወጥቶ እስከ ወንበሩ ያለችውን አጭር መንገድ በእግሩ ሄደ። ከ18 ቀን በኋላ መቆም ያቃታቸውንና ከ437 ቀን በኋላ የተራመደውን አስተያዩት።

አሁን ያለው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከኛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው የሚዞረው። እዛ ያሉ ሰዎች ለስፖርት በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይመደብላቸዋል፣ መሣሪያ ማዘጋጀቱና መተጣጠቡ ተጨምሮ ማለት ነው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ያህል። ትሬድሚል አለ፣ ቢስክሌት አለ። ክብደት ማንሳት ግን እንዴት ይሆናል? ብረቱ እኮ እዛ አይከብድም። መጀመሪያ በላስቲክ የሚሠራ እስከ 136 ኪሎ ድረስ የሚገፋ መሣሪያ ነበራቸው፣ ሰዎቹ እየሠሩበትም የዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይቀንስ ነበር። ይሄ ብዙ ነው፣ ያረጡ እናቶች በዓመት የሚያጡትን ያህል በአንድ ወር ማለት ነው። በ2008 መጨረሻ ላይ አዲስ መሣሪያ ተላከ፣ አየር በሌላቸው ሲሊንደሮች ግፊት የሚሠራ፣ እስከ 272 ኪሎ ድረስ የሚከብድ። ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ይሠሩበታል፣ ዴድሊፍት (ጎንበስ ብሎ ክብደት ከወለል ማንሳት) ይሠሩበታል፣ ተረከዝ እያነሱ ባታቸውን ይሠሩበታል። ምን ተገኘ? ይሄን መሣሪያ በደንብ የተጠቀሙ፣ በቂ ምግብ የበሉና ቫይታሚን ዲ ያገኙ ሰዎች የአጥንት ጥግግታቸውን ከሞላ ጎደል ይዘው ተመለሱ። መሣሪያው ለምን ይሄን ያህል መክበድ አስፈለገው ብትሉ፣ እዚህ መሬት ላይ አንድ 75 ኪሎ ሰው ባዶ እጁን ቁጢጥ ብሎ ሲነሳ የራሱን ገላ ነው የሚያነሳው፣ ጠፈር ላይ ያ ክብደት ስለሌለ መጀመሪያ የጠፋውን የራሱን ክብደት መተካት አለበት፣ ከዛ ላይ ነው ተጨማሪው የሚጫነው።

ሱኒታ ዊልያምስ በሚያዝያ 2007 የቦስተን ማራቶንን እዛው ጣቢያ ላይ ትሬድሚል ላይ ሮጣ ጨርሳለች፣ ቲም ፒክ ደግሞ በ2016 የለንደንን። ትከሻና ዳሌያቸውን በማሰሪያ እየተጎተቱ ነው የሮጡት፣ ማሰሪያው ያማል፣ ቆዳ ይልጣል። ስፖርት እዛ የትርፍ ጊዜ ነገር እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው ይሄን የምነግራችሁ፣ የሥራቸው ክፍል ነው፣ ፕሮግራም ላይ ተጽፎ የሚሠራ።

እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም አልተፈታም። በ2022 በወጣ ጥናት 17 ጠፈርተኞች ከተመለሱ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ ከነሱ 9ኙ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የእግር አጥንታቸው ገና አልተመለሰም ነበር። ረጅም ጊዜ የቆዩት ይበልጥ ተጎድተዋል። ጡንቻ በወራት ይመለሳል፣ አጥንት ግን ቀርፋፋ ነው፣ አንዳንዱም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ "ሲድን ይመለስለታል" ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው፣ በተለይ ለሽማግሌና ለአሮጊት፣ ተመልሶ ለመገንባት ያለው ጊዜና አቅም ያነሰ ስለሆነ።

ስለ ዕድሜ ካነሳሁ አይቀር፣ ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ያቆየ የታወቀ ጥናት አለ፣ በ2007 የወጣ። በ10 ቀን ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ፣ የጉልበታቸው ኃይል ወደ 16 በመቶ ቀነሰ። አንድ ኪሎ ሥጋ በ10 ቀን! ወጣቶች አንድ ወር ተኝተው እንኳን ይሄን ያህል አላጡም። አንዲት እናት ሆስፒታል ለሳንባ ምች ገብታ በ10 ቀን "ዳነች" ተብላ ስትወጣ ደረጃ መውጣት የሚያቅታት በዚህ ነው። ሳንባዋ ድኗል፣ እግሯ ግን አልጋ ላይ ቀርቷል።

ወደ አልጋ ጥናቶቹ ልመለስ። ወደ ጠፈር ሰው መላክ ውድ ስለሆነ ተመራማሪዎች ሰው አስተኝተው ነው የሚያጠኑት፣ አልጋው ጭንቅላት በኩል 6 ዲግሪ ዘቅዘቅ ይላል፣ ደሙ ልክ ጠፈር ላይ እንዳለ ወደ ላይ እንዲሄድ። ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጸዳዳሉ፣ ሁሉንም ተኝተው። ጀርመን ኮሎኝ ውስጥና ፈረንሳይ ቱሉዝ ውስጥ ለዚህ የተሠሩ ማዕከሎች አሉ፣ ሞስኮ ላይ ደግሞ በ1986 የተጀመረው ጥናት ሰዎችን 370 ቀን አስተኝቷል፣ አዎ ከአንድ ዓመት በላይ። ለነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ገላቸውን ለማያውቁት ታማሚ ነው የሰጡት።

ከነዚህ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ቤታችን ድረስ የሚመጡ ናቸው።

አንደኛው ቱሉዝ በ2005 የተደረገው ነው፣ 24 ሴቶች 60 ቀን ተኙ። አንዱ ቡድን ምንም አላደረገም። አንዱ ቡድን ስፖርት ሠራ፣ እንደተኙ የሚሮጡበት፣ የታችኛው ገላቸው ሳጥን ውስጥ ገብቶ አየሩ እየተሳበ እግራቸው መሬት እንደረገጠ ሸክም የሚሰማበት ትሬድሚል፣ በተጨማሪም እግር የሚገፉበት ከባድ መሣሪያ። ሦስተኛው ቡድን ግን ያለ ስፖርት ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ተሰጠው። እዚህ ጋ ነው የኛ ነገር የሚመጣው፣ ምክንያቱም እኛ በሽተኛ ላይ ያለን እምነት ምግብ ነው፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ሾርባ ይፈላል፣ አጥሚት ይሠራል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ "ጉልበት ይሁንህ" እያልን። ውጤቱ፣ ስፖርት የሠሩት የታፋ ጡንቻቸውን ጠበቁ። ፕሮቲን ብቻ የበሉት ጡንቻቸውን አላዳኑም፣ እንደውም የታፋቸው ጡንቻ ምንም ካላደረጉት ይልቅ በትንሹ በልጦ ቀነሰ። አደራ፣ አትመግቡ አላልኩም! የታመመ ሰው በደንብ መብላት አለበት፣ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ የማይበላ ሰው ስፖርትም አይጠቅመውም። ነገር ግን ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ሽሮው ጡንቻ የሚሆነው ጡንቻው ሲሠራ ነው። ካጎረሳችሁ በኋላ እግሩን አሠሩት።

ሁለተኛው ኮሎኝ ከ2015 እስከ 16 የተደረገው ነው፣ ወንዶች ናቸው፣ እነሱም 60 ቀን። ከነሱ ግማሹ እንደተኙ በሐዲድ ላይ በሚንሸራተት አልጋ ላይ ሆነው ግድግዳ እየገፉ ይዘላሉ። አግድም መዝለል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ወደ 80 የሚጠጋ ዝላይ፣ በሳምንት አምስት ስድስት ቀን፣ ዝላዩ ራሱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። እና ያ ጥቂት ደቂቃ የእግር ጡንቻቸውን፣ ጉልበታቸውንና ያንን ዳላስ ላይ የተለካውን የኦክስጅን አቅም ጭምር ከሞላ ጎደል ጠበቀው። ያልዘለሉት ግን ሁሉም ቀነሰባቸው። የኛን በሽተኛ አስዘልሉ እያልኩ አይደለም፣ እነዚያ ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። የምለው ግን ጥቂት ደቂቃ በእውነት ጠንክሮ የተሠራ ነገር ቀኑን ሙሉ ከመተኛት ሊያድን ይችላል። ሰው "ጊዜ የለኝም፣ ሥራ እሄዳለሁ" ይለኛል፣ ጥዋት አሥር ደቂቃ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል እኮ ለመጀመር።

ሕክምናው ራሱም ይሄን የተማረው ዘግይቶ ነው። ድሮ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታው ሰው እስከ ስድስት ሳምንት ፍጹም እንዳይነሳ ይደረግ ነበር፣ ከነሱ ውስጥ እግራቸው ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ የሞቱ ነበሩ። በ1947 ሪቻርድ አሸር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አልጋ አደጋ በግልጽ ጻፈ። በ1952 ቦስተን ውስጥ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የልብ ሕመምተኞችን አልጋ ላይ ከማስተኛት ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ጻፉ፣ ብዙ ተቃውሞ ገጠማቸው፣ ዛሬ ግን የትም ቦታ የምናደርገው እሱኑ ነው። በ2009 ደግሞ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ በማሽን በሚተነፍሱ 104 ሰዎች ላይ የተሞከረ ጥናት ወጣ። ገና በመጀመሪያ ቀናት ማደንዘዣው ሲቀነስ ፊዚዮቴራፒ ከተጀመረላቸው ውስጥ 59 በመቶው ራሳቸውን ችለው ወጡ፣ እንደተለመደው ከተያዙት ግን 35 በመቶው ብቻ።

አሁን ግን አንድ ነገር፣ ይሄን ሰምታችሁ ሄዳችሁ ዛሬውኑ ስትሮክ የመታውን ሰው ጎትታችሁ እንዳታስነሱ። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ ከ2000 በላይ የስትሮክ ታማሚዎች ላይ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ በብዛትና በኃይል እንዲነሱ የተደረጉት ከሌሎቹ ያነሰ ነው የዳኑት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የሐኪም ነው። የጀርባ አጥንት የተሰበረ፣ አዲስ የደም መርጋት የተገኘበት፣ ደረቱን የሚያመው፣ ትኩሳቱ ከፍ ያለ ሰው ሐኪም ሳይፈቅድ አይነካም። ሐኪሙን ስትጠይቁ ደግሞ "መንቀሳቀስ ይችላል?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ እንደዛ ከተጠየቀ "ቀስ እያለ" ብሎ ያልፋችኋል። እንዲህ በሉት፣ "በየትኛው እግሩ ምን ያህል ክብደት ይጣል? መቀመጥ ከመቼ? መቆም ከመቼ? የማይታጠፍ የማይዞር ቦታ የቱ ነው?" መልሱን ጻፉትና አልጋው አጠገብ ለጥፉት፣ ተረኛ አስታማሚ ሁሉ እንዲያየው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ፣ ወደሱ እንምጣ። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ነው። ጨርሶ የማይነሳ ሰው በየሰዓቱ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ራሱ ይሳብ ወደ ታች ይግፋ፣ ይሄ ደም እንዳይረጋ ይረዳል፣ ጡንቻ ግን አይጠብቅም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ አታቁሙ። ቀጥሎ ግፊት ነው። የአልጋው እግርጌ ላይ ጠንካራ ጣውላ ወይም ግድግዳ ካለ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ በሙሉ እግሩ ይግፋ፣ አምስት ሰከንድ፣ ይልቀቅ፣ አሥር ጊዜ። ጣውላ ከሌለ እናንተ መዳፋችሁን አቅርቡለት፣ "ግፋኝ" በሉት፣ እውነት ይግፋችሁ። ጉልበቱን አጥፎ መቀመጫውን ከፍራሹ ማንሳት የሚችል ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ ጀርባን፣ መቀመጫንና ታፋን ባንዴ ይሠራል፣ የመኝታ ቁስልንም ይቀንሳል። ስንት ጊዜ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ እስኪከብዱት ድረስ ነው፣ ሃያውን ሳይደክመው ከጨረሰ ቀሎታል ማለት ነው፣ ጨምሩበት። ትንፋሹን እንዳይዝ ግን ንገሩት፣ እየገፋ ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ከዛ ትልቁ ነገር መቀመጥና መቆም ነው። የትኛውም መሣሪያ መቆምን አይተካም፣ መሬት በነጻ የሰጠችንን ሸክም ጠፈርተኞቹ በስንት ሚሊዮን ብር ነው የሚፈልጉት። አልጋው ዳር እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጥ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁርጭምጭሚቱን እያንቀሳቀሰ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ካልዞረበት ደገፍ ብሎ ይቁም። ቆሞ ዓይኑ ከጨለመ ወዲያው አስቀምጡት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ሞክሩ፣ ዞረበት ተብሎ ለሳምንት አይተው፣ እንደዛ ከሆነ በሚቀጥለው ይብስበታል። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ የቻለ ሰው ደግሞ ከምግብ በፊት አምስቴ ተነስቶ ይቀመጥ። ምግቡን አልጋ ላይ አታቅርቡለት፣ ጠረጴዛው ጋ ይምጣ። ጠያቂ ሲመጣ ተቀምጦ ይቀበል። እኔ ቤተሰብን የምለምነው ይሄንን ነው፣ ሊያደርግ የሚችለውን አታድርጉለት፣ አጠገቡ ቁሙለት።

ስለ አራስም አንድ ቃል። አራስ ሴት መታረስ፣ መመገብ፣ ከሥራ ማረፍ አለባት፣ ይሄ ባህላችን የሚያኮራ ነው። ማረፍ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ መጋደም አይደለም፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የደም መርጋት አደጋው ከሌላ ጊዜ ይበልጣል፣ በቀዶ ጥገና የወለደች ደግሞ ይበልጥ። ቤት ውስጥ ትራመድ።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚጠቅም ስለመሰለኝ። አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፣ አባታቸው የታፋ አጥንታቸው ተሰብሮ በገመድ ክብደት ተንጠልጥሎላቸው ተኝተዋል፣ ለሳምንታት አይነሱም ተብለዋል፣ "ታዲያ እሳቸው ምን ያድርጉ?" አለ።

መልሴ ይሄ ነበር። የተሰበረው እግር የሐኪሙ ነው፣ አትንኩት፣ ክብደቱንም አታውርዱ፣ ጣቶቻቸውን ግን ያንቀሳቅሱ። ጤነኛው እግራቸው ግን ነጻ ነው፣ ሐኪማቸው ከፈቀደ በሱ ይግፉ፣ በኃይል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። አንድ እግርን ማሠራት በታሠረው እግር ላይ የሚመጣውን ድክመት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፣ ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎልና ከነርቭ ስለሆነ የአንዱ ሥራ ለሌላውም ይደርሳል። ከአልጋው በላይ የሚጨበጥ ነገር ካለ በሁለት እጃቸው ይዘው ገላቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ክራንች የሚይዙበት ቀን ሲመጣ የሚያስፈልጋቸው ክንድ ያ ነው። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ጥልቅ ትንፋሽ፣ ሳንባቸው እንዳይዘጋ። በቀን አንዴ ጀርባቸውንና ተረከዛቸውን እዩ፣ የቀላና ስትጫኑት የማይነጣ ቦታ ካለ ቁስል እየጀመረ ነው። አንዱ ባት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመመ፣ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ግን እንዳታሹ፣ እስኪነጋም አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ተረኛ ሐኪም ጥሩ።